እትዬ ብርቄ የዘመዘሙት ኢሕራም

አዲስ ጣቃ ሲፈታ የሚወጣውን ሽታ የሚወዱ ሰዎች አሉ። እኔ አልወድም። ባለፈው ሰሞን መጋረጃ ልገዛ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ቤት ገብቼ፣ ሻጩ ነጩን ጣቃ ባንኮኒው ላይ እያገላበጠ ሲዘረጋው ያ የአሚዶና የማሽን ዘይት ሽታ መጣብኝ፤ ወዲያው የጣቶቼ ጫፍ ያሳክከኝ ጀመር። «ጠርዙን ዘምዝመን እንስጥሽ?» አለኝ ልጁ በትህትና። «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩበት። ደንግጦ ጨርቁን ለቀቀው። ምን ብዬ ላስረዳው? በዘጠኝ ዓመቴ አንድ የሐጅ ሰሞን ሙሉ ዝምዝማት ስተረትር ከርሜያለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ጠርዝ ሲነሳ ደሜ ይፈላል ልበለው?

ያኔ የምንኖረው ጅዳ፣ ሩዋይስ ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ላይ በተሠራች አንዲት ክፍል ነበር። እኔና እናቴ ብቻ። አባቴ ደማም ከተማ ሥራ አገኘሁ ብሎ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ከወሬው በቀር የመጣ ነገር የለም። እናቴ ፋጡማ ከቤታችን ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ባለ የልብስ ፋብሪካ ትሠራለች። ፋብሪካ ስላችሁ ጭስ ማውጫ ያለው ነገር እንዳይመስላችሁ። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው፤ ውስጥ ያሉት ሴቶች እንዳይታዩ መስኮቶቹ ነጭ ቀለም ተቀብተዋል፤ ሠላሳ ማሽን በሦስት መስመር ተደርድሮበታል። የተማሪ ዩኒፎርምና የሆስፒታል አንሶላ ይሰፋበት ነበር።

እናቴ ከወሎ የመጣችው ለቤት ሠራተኝነት ነው። እኔ ሳልወለድ ሦስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች፤ ስለዚያ ጊዜ ስትጠየቅ «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈ» ከማለት በቀር አትናገርም። ማሽን ላይ መቀመጥ ከቻለች ጀምሮ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ሰው «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲላት አንገቷን ቀና አድርጋ «ሰፊ ነኝ» ትላለች። ሠራተኛ ነኝ ብላ አታውቅም።

ሙያውን ያስያዟት እትዬ ብርቄ ናቸው። እትዬ ብርቄ የመስመሩ አለቃ፣ አዲስ አበባ ሃያ ዓመት የሰፉበት ፋብሪካ ሲዘጋ ወደ ጅዳ የመጡ፣ አንገታቸው ላይ ሜትር እንጂ ሌላ ጌጥ የማያውቁ ክርስቲያን ናቸው። ማዕተባቸውን እንኳ ከሜትሩ ስር ነበር የሚደብቁት። ከፋብሪካው ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ እኛ ጋ ይመጣሉ፤ ሲመጡም መጀመሪያ የሚያዩት የሰውን ፊት ሳይሆን የልብሱን ጠርዝ ነው። «ይኼ ምንድን ነው የተዝረከረከው? ነይ ወዲህ!» ይሉና መርፌያቸውን ከደረታቸው ነቅለው እዚያው በር ላይ እንደቆምኩ ይዘመዝሙኛል። የእኛ ቤት የሳህን ጨርቅ የተዘመዘመ ነው። የወለል መወልወያው የተዘመዘመ ነው። አንድ ጊዜ የቆሰለ ጉልበቴን ያሰርኩበትን ብጣሽ ፈትተው ዘምዝመው መልሰው አስረውልኛል። ቁስሌ እስኪዘመዘም ድረስ እየጠበቅኩ!

ሐጅ ሊገባ ሁለት ወር ግድም ሲቀረው ሙዲሩ፣ የፋብሪካው ባለቤት፣ ሴቶቹን ሰበሰባቸው። እናቴ ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ከቻይና በኮንቴነር ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ እኔ ከምገዛው ጨርቅ ይረክሳል አለ» አለች። «ኸላስ፣ እዘጋለሁ አለ።»

እትዬ ብርቄ ከኋላዋ ገቡ። «ፋብሪካ የሚዘጋው እኔ ስገባበት ነው» አሉ። «ከአዲስ አበባ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ እኮ! ምን አድርጌው ነው?»

እኔ አልደነገጥኩም። መዘጋት ማለት ምን እንደሆነ በደንብ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ጅዳ ውስጥ ሁሉም ነገር ይዘጋል፤ አዛን ሲል የዳቦ ቤቱም የስልክ ቤቱም መዝጊያ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰው ይሰግዳል፤ ከዚያ መዝጊያው ተመልሶ ይወጣል። ተዘግቶ የማይከፈት ሱቅ አይቼ አላውቅም። ትልቅ ሰዎች ለምን እንዲህ እንደሚጨነቁ ግራ ገባኝ። ፋብሪካ ትልቅ ስለሆነ ሰላቱም ትንሽ ይረዝም ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሙዲሩ መጋዘን ውስጥ የቀረውን ጨርቅ «እየተካፈላችሁ ውሰዱ» ብሎ ነበር። ሌሎቹ ጥቁሩንና አበባ ያለበትን ተሻሙ፤ እናቴ ለአንሶላ የመጣውን ወፍራም ነጭ ጣቃ መረጠች። ብልህ ነበረች። ወንድ ሐጃጅ ኢሕራም የሚያደርገው ሁለት ነጭ ጨርቅ ነው፤ አንዱን ያገለድማል፣ አንዱን ትከሻው ላይ ይጥላል፤ ሌላ ነገር የለውም። መካ፣ መንሱር ሰፈር፣ ሼህ ይማም የሚባሉ የአገሯ ሰው ኢሕራምና መስገጃ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። አርባ ጥንድ እወስዳለሁ አሏት። እነሱ ከተሸጡ ከፋብሪካው ማሽኖች አንዱን ትገዛለች፤ እቤታችን ለጎረቤት ዓባያ እየሰፋች ትኖራለች። ካልተሸጡ ሰው ቤት ትገባለች። ሰው ቤት ከገባች ደግሞ እዚያው ነው አዳሯ፤ ልጅ ይዞ መግባት የሚባል ነገር የለም። ይህን ለእኔ ማንም አልነገረኝም፤ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ነው የሰማሁት።

እንግዲህ ሥራው መቁረጥ ብቻ ነበር። እናቴ መቁረጡን ለእትዬ ብርቄ ሰጠች፤ እጃቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ ነው። እትዬ ብርቄም ፋብሪካው ከመዘጋቱ በፊት በነበሩት ሁለት የመጨረሻ ቀናት ቆረጡ፣ ተኮሱ፣ አጠፉ፣ በገመድ አሰሩና ይዘው መጡ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ እናት ያበራል።

«እንዳትፈቺው፣ ይጨማደድብሻል» አሏት። «መካ ስትደርሺ ታይዋለሽ። ትመርቂኛለሽ።»

እናቴም አልፈታችውም! እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይኼ ነው። አንዲት ጥንድ እንኳ ገለጥ አድርጋ ብታይ ምን ነበረበት?

መካ የሄድነው በአንድ የአገራችን ሰው መኪና ነው፤ እኔ ከኋላ ጥቅሉ ላይ ተቀመጥኩ። መንሱር ስንደርስ ገበያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የሃውሳው ሰው ከበርማው ጋር በሰባራ ዓረብኛ ይከራከራል፤ የጥብስና የሽቶ ሽታ ተደባልቆ ራስ ያዞራል። ሼህ ይማም ረዥም፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ገመዱን ፈትተው አንዱን ጨርቅ ዘረጉና በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱት። አንዴ ዳሰሱት። ደግመው ዳሰሱት።

«ፋጡማ፣ ይኼ ስፌት ነው እንዴ?»

እናቴ ጎንበስ ብላ አየች። አራቱም ጠርዝ፣ ጥርስ በመሰለ ደቃቅ ስፌት፣ ድርብ ሆኖ ተዘምዝሟል። ሌላውን ገለጠች። ሌላውን። ሰማንያውም።

«ያ ረቢ! እትዬ ብርቄ!» አለች፣ ሴትየዋ አጠገባችን እንዳሉ ሁሉ።

«እንደ ሸሪዓው ከሆነ ጠርዝ መዘምዘሙ ግድ የለውም» አሉ ሼህ ይማም ጢማቸውን እያሻሹ። «ኢሕራም የሚከለክለው ተለክቶ እንደ ልብስ የተሰፋውን ነው። ግን ከገጠር የመጣ ሐጃጅ ክር ካየ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ አይነካውም። አላህ ፊት ችግር የለውም እህቴ፤ ችግሩ ገዢ ፊት ነው።»

አንድ ሽማግሌ ሐጃጅ በዚያው መጡና ጨርቁን አንስተው፣ ጠርዙን ሲያዩ እሳት እንደነካ ሰው ወርወር አድርገውት ሄዱ። ሼህ ይማም «አየሽ?» አሉ።

«ብተረትረው ይወስዱታል?»

«ተርትረሽ ቶሎ ካመጣሽው፣ ለምን አልወስድም! ሐጅ ሦስት ሳምንት አይቀረውም፤ ያላ፣ ፍጠኚ።»

እኔ በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ መካ ሰፊ የማይወድ ከተማ ነው ብዬ ደመደምኩ። የእናቴን ሙያ ሰደቡብን ብዬ ሼህ ይማምን ስንወጣ አልተሰናበትኳቸውም።

ማታውኑ እትዬ ብርቄ ምርቃታቸውን ሊቀበሉ መጡ። እናቴ ነገሩን ስትነግራቸው ቆመው ቀሩ።

«ጠርዙ ተዝረክርኮ ወደ ፈጣሪ ቤት ይገባል እንዴ?» አሉ።

«ይገባል እትዬ! እንደዚያ ነው የሚገባው!»

«ታዲያ እኔ በምን አውቄ? ክርስቲያን ነኝ፣ ከተማው አያስገባኝ፣ ሄጄ አላይ!» አሉና አለቀሱ። «ለጥሩ ብዬ እኮ ነው ፋጡሜ። የመጨረሻ ስፌቴ ነው፤ እንዲያምርልሽ ብዬ ነው።»

እናቴ ልትቆጣ ያዘጋጀችውን ቁጣ የት ትጣለው? ዋጠችው። ምላጭ ለሦስት ተካፈልንና መተርተር ጀመርን።

የእትዬ ብርቄን ስፌት ተርትራችሁ ታውቃላችሁ? የሌላ ሰው ስፌት አንዱን ክር ሲይዙት ተያይዞ ይመጣል። የእሳቸው አይመጣም። እያንዳንዷን ጥልፍ በምላጭ ጫፍ ፈልጎ፣ ጨርቁን ሳይነኩ በጥሶ፣ ክሩን በጥፍር መልቀም ነው። አንድ ጨርቅ ከቀትር እስከ ዐስር ሰላት ድረስ ይፈጃል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ሳላስቀምጥ ምላጭ ይሰጠኛል። ሻያችን ውስጥ ክር፣ ሩዛችን ውስጥ ክር፣ ጸጉሬ ውስጥ ክር። እትዬ ብርቄ ደግሞ እየተረተሩ በራሳቸው ሥራ ይደነቃሉ። «እዩልኝማ፣ ይኼን አጣጣል!» ይላሉ። «ማሽኑ እኮ ነፍስ ነበረው።» እናቴ ቀና ብላ ታያቸውና ወደ ምላጯ ታቀረቅራለች።

በሦስተኛው ቀን ትዕግስቴ አለቀ። እናቴ ታች ወርዳ ውሃ ስትቀዳ ትልቁን መቀሷን አነሳሁና አንዱን ጨርቅ ዙሪያውን፣ ከስፌቱ በላይ፣ ከረከምኩት። ሁለት ጣት የሚያህል ዝምዝማት እንደ ጥብጣብ ወለሉ ላይ ወደቀ። መቶ እስክቆጥር አልፈጀም። እንዲህ የመሰለ መላ መጥቶልኝ አያውቅም፤ እስክትመጣ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት።

ጥፊዋ ገና ባልዲውን ሳታስቀምጥ ነው የደረሰኝ።

«ጨርቅ ላይ መቀስ?» አለች። «ማን ቁረጪ አለሽ? የተሰፋ ይፈታል፤ የተቆረጠ ይመለሳል እንዴ?»

እትዬ ብርቄ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ለኩ። «ከያንዳንዱ ጎን አራት ሳንቲ ሜትር!» አሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። «ይኼ እኛ ፋብሪካ ቢሆን ከሥራ ያስወጣል።»

ፋብሪካ ውስጥ መቀስ የሚያነሳው ቆራጭ ብቻ ነው፤ ሰፊ ከተሳሳተ ይተረትራል። ሕጉ ይኼ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶ ሕጉ ግን እኛ ቤት ገብቶ ተቀምጧል። የቆረጥኳት ጨርቅ «የተበላሸች» ተብላ ከጥንዷ ተለይታ አልጋ ስር ተጣለች፤ እኔም ጉንጬን እያሸሁ ወደ ምላጬ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ምላጭ ልገዛ ስላክ በፋብሪካው በኩል እዞር ነበር፤ እንደተከፈተ ለማየት። አንድ ቀን ከዐስር ሰላት እስከ መግሪብ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። የዙሪያው ሱቅ ተዘግቶ ተከፈተ፣ ተዘግቶ ተከፈተ፤ የእኛው ዝም አለ። የመናዊው ባለ ሱቅ «ያ ቢንት፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። «ሰግደው እስኪጨርሱ» አልኩት። አንድ ጭማቂ ሰጠኝና ገባ።

ከሳምንት በኋላ ግን ተከፍቶ አገኘሁት! በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ማሽኖቹ በነበሩበት በሦስቱም መስመር ወንበር ተደርድሮ፣ የአገራችን ወጣት ሴቶች ሻንጣቸውን ጉልበታቸው ስር አድርገው ቁጭ ብለዋል። ሁሉም እጃቸው ላይ ወረቀት ይዘዋል። ትንፋሼ እስኪቆራረጥ ሮጬ ቤት ገባሁ።

«እማ! ተከፈተ! አዳዲስ ሰፊዎች ገብተዋል፣ ቦታሽን ሳይይዙብሽ ሂጂ!»

እናቴ ምላጩን ጣለችው። ፊቷን ታጠበች፤ ደህናውን ዓባያዋን ለበሰች፤ የራሷን መቀስ በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እጄን ይዛኝ ስትሄድ እየሮጠች ነበር ማለት ይቻላል። እኔን በር ላይ አቁማኝ ገባች። ወዲያው ወጣች።

መክተብ የሚሉት ዓይነት ቢሮ ነበር። ሙዲሩ ልብስ መስፋቱን ትቶ የቤት ሠራተኛ እያስመጣ ለየቤቱ የሚያከፋፍልበት ቢሮ ከፍቶበታል። እነዚያ ሴቶች ከፊሎቻቸው፣ ማለትም አሠሪዎቻቸው፣ መጥተው እስኪወስዷቸው የሚጠብቁ ናቸው። እናቴን ሲያያት ደስ አለው አሉ። «ፋጡማ፣ በእግርሽ መጣሽልኝ» አላት፣ «ኦብሑር አንዲት ማዳም አለች፣ ቪላ ነው፣ ዓረብኛ የምታውቅ ትፈልጋለች።»

«ምን አልሽው?» አሏት እትዬ ብርቄ።

«እስከ ሐጅ ድረስ ጠብቀኝ አልኩት።»

ማን ላካት? እኔ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ ሳስበው ራሴን በኩርኩም ማለት ያምረኛል። ከዚያ በኋላ ስተረትር አላጉረመረምኩም። ኦብሑር የት እንደሆነ ባላውቅም ከእያንዳንዱ ጥልፍ ስር ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻውን ክር ስንለቅም ሐጅ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። እናቴ የመርፌው ቀዳዳ እንዳይታይ እያንዳንዱን በውሃ እርጥብ እያደረገች ተኮሰችው። ሠላሳ ዘጠኝ ጥንድ። ይዘን መንሱር ስንደርስ መንገዱ ነጭ በነጭ ነው፤ ሰው ሁሉ ኢሕራሙን ለብሶ፣ አንድ ትከሻውን ገልጦ ይተማል። እናቴ እነዚያን ትከሻዎች ስታይ እርምጃዋ እየቀነሰ ሄደ።

ሼህ ይማም ጨርቁን ዳሰሱት። «ማሻአላህ፣ አሁን ኢሕራም ሆነ» አሉ። ከዚያ ወደ መደርደሪያቸው አዩ። እስከ ጣሪያው ሞልቶ ነበር። «እህቴ፣ ምን ላድርግሽ? የሚገዛው ገዝቶ ለብሷል። እኔም የያዝኩት ተርፎኛል።»

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞ ኢንሻአላህ» አሉ። የሆነ ነገር ለመናገር ብለው ይመስለኛል፣ «ለመሆኑ ስፌቱን በምን አወጣችሁት?» አሏት።

«በምላጭ። ከአሥራ አምስት ቀን በላይ ፈጀብን።»

«ሰማንያውን? ለምን ዙሪያውን በመቀስ አልሸለታችሁትም? የአንድ ከሰዓት ሥራ እኮ ነው!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እኔ አፌን ልከፍት ነበር፤ «ብዬ ነበር!» ልል። እናቴ ዞራ አየችኝ። የእናቴን ፊት እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ቃሉን ከነምራቁ ዋጥኩት።

ጥቅሉን መልሰን ጭነን ብዙ ከሄድን በኋላ መኪናው ውስጥ «ስሚ፣ ያን ቀን መታሁሽ አይደል?» አለችኝ።

«አላመመኝም።»

«አሞሻል» አለች። ከዚያ ጅዳ እስክንገባ ድረስ በመስኮቱ በኩል አሸዋውን ስታይ መጣች።

ሐጅ አልፎ በሳምንቱ የሙዲሩ ሾፌር ታች ቆሞ ጡሩምባውን ነፋ። እኔ ከእትዬ ብርቄ ጋር ልቀር ሆኗል፤ እሳቸው በዚያች በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ የዩኒፎርሜን ኮሌታ እያገላበጡ የሚጠብቅ ስፌት ይፈልጋሉ። እናቴ ሻንጣ አልነበራትም። አልጋው ስር ጎንበስ ብላ ያቺን የተበላሸች የተባለች ጨርቅ ጎትታ አወጣች፤ ዘረጋቻት፤ ልብሷን መሃል ላይ አድርጋ በአራቱ ጫፍ ቋጠረቻት። እኔ በመቀስ የከረከምኩት ጠርዝ ወጣ ገባ ብሎ፣ ክሩ እየተንጠለጠለ በቋጠሮው ዙሪያ ይታያል።

እትዬ ብርቄ ወዲያው እጃቸው ወደ ደረታቸው፣ ወደ መርፌያቸው ሄደ።

«ፋጡሜ፣ ጠርዙን አንድ ጊዜ ቶሎ ልበልልሽ?»

እኔም «አዎ እማ፣ ይዘምዝሙት፣ ቆዪ!» አልኩ። መርፌ ብዙ ጊዜ እንደሚፈጅ አውቄያለሁ። ሰማንያ ጨርቅ ቢሆን ደስታዬ ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር።

ሾፌሩ ደግሞ ነፋ።

«ይተዉት እትዬ» አለች እናቴ። ቋጠሮውን ብብቷ ውስጥ አስገባች፤ ግንባሬን ሳመችኝ፤ ደረጃውን ወረደች። ከቤታችን ሳይዘመዘም ወጥቶ ያልተመለሰ ጨርቅ እሱ ብቻ ነው።